ላፕቶፔ «ጠፋ» ተብሎ ተመዘገበ፦ የአንድ ፖሊስ ጣቢያ አገልግሎት እንዴት አገኘሁት

እስከ ዛሬ አስተያየት የጻፍኩት ስለ ሽሮ ቤትና ስለ ስልክ ጠጋኝ ነው። ዛሬ ስለ ፖሊስ ጣቢያ ልጽፍ ነው። አትሳቁ። ጣቢያም አገልግሎት ሰጪ ነው። በሩ ላይ ራሱ «ክቡራን ተገልጋዮች» ብሎ ለጥፏል።

ጎንደር ነው የምኖረው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንዲት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ባለ ላሜራ በር ኮንቴይነር ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍና የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እጠርዛለሁ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። ከተማችን ትንሽ ናት። የመርማሪው እናትና እኔ አንድ የጽዋ ማኅበር ሆነን ብንገኝ አይገርመኝም።

ነገሩ የሆነው ከጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያን ሰሞን ጎንደርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንግዳው ይጎርፋል፣ ሁሉም ቲሸርት ያሳትማል፣ ለኮፒ ቤትም ዓመት በዓል ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ጓጉንቸሩ መሬት ላይ ወድቋል። በፌሮ ነው የፈለቀቁት፤ ፌሮውን ጥለውልኝ ሄደዋል። ኤችፒ ላፕቶፔ የለም። ባለ ቀለም ኢፕሰን ፕሪንተሬ የለም። ይባስ ብሎ የመጠረዣ ማሽኔን ወስደዋል። እሱን ለማን እንደሚሸጡት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወረቀቱን ግን አልነኩትም። ሌባውም የወረቀት ሥራ ሰልችቶታል መሰለኝ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣቢያ ገባሁ። ከዚህ በኋላ ያለው እንግዲህ አስተያየቴ ነው።

አቀባበሉ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ኮንስታብል «እትዬ፣ ተቀመጪ፣ መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ» አለችኝ። አስር ደቂቃም አልጠበቅሁም። ቃሌን በእጇ ጻፈች፤ ጽሑፏ ያምራል። ከማስፈረሟ በፊት መልሳ አነበበችልኝ። ይህን ስንት ቦታ አጥቼዋለሁ! ግቢው የተጠረገ ነው። አግዳሚው ወንበር ጥላ ውስጥ ነው። ብዕሩ የኔ ነበር፣ እዚያው ቀረ። እሱንም ክስ አላደርገውም።

ከዚያ ወደ መርማሪው ላከችኝ። ሳጅን ነው፤ ወጣት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ጠረጴዛው ላይ የመዝገብ ቁልል ያለበት ሰው።

«ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የምትጠረጥሪው?»

«ማንን ልጠርጥር፣ ሳጅን? ከተማው በእንግዳ ተሞልቷል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ተጠርጣሪ የሌለው፣ ምስክር የሌለው መዝገብ የትም አይደርስም። ይከፈታል፣ ይከርማል፣ መጨረሻ ላይ ዐቃቤ ሕግ ይዘጋዋል። ለአንቺ አይጠቅምሽም። ለእኛም ያበላሽብናል። ለምን የጠፋ ዕቃ ብለን አንመዘግብልሽም? ወረቀቱን አሁኑኑ ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«ጓጉንቸሩስ? እሱም ራሱን ፈልቅቆ ነው የጠፋው?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን አልተወውም። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ያስፈልገኝ ነበር። ፕሪንተሩ በብድር የተገዛ ነው፤ አበዳሪዎቹ የፖሊስ ማስረጃ ካላመጣሽ ይላሉ። ስለዚህ ፈረምኩ። ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና መጠረዣ ማሽን «ጠፍቶባቸው» ተብሎ ተጻፈልኝ። መታወቂያና ሲም ካርድ ሲጠፋ የሚሰጠው ዓይነት ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ለሳጅኑ ብቻ አልሰጥም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

«ያበላሽብናል» ያለው ምኑን እንደሆነ የገባኝ ስወጣ ነው። ኮሪደሩ ላይ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ የዜጎች ቻርተር ተደርድሯል። ከአጠገባቸው የዓመቱ ዕቅድ ሠንጠረዥ አለ። አንዱ ረድፍ «የማስቀጣት ምጣኔ» ይላል። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት ጣቢያው ይታወቃል። ዘጠና በመቶን ያለፈ ነው ብዬ ልለፈው።

ይህችን ሠንጠረዥ አውቃታለሁ። የመሥሪያ ቤት አሠራር ማሻሻያው ቢፒአር መጣ፣ የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ መጣ፣ እኔ ሁሉንም ጠርዣለሁ። ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀየራል እንጂ ሦስቱ ዓምዶች አይቀየሩም። ከጥረዛ ልምዴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመቶ የሚባለው ነገር የሚያሳምረው ከላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። የታችኛውን ብታሳንሱትም ያምራል።

አስቡት። በአንድ ጣቢያ ክልል 100 ስርቆት ተፈጸመ እንበል። ጣቢያው ቀላል ቀላሉን 10 መርጦ መዝገብ ከፈተ። ከ10ሩ 9ኙን አስቀጣ። ሠንጠረዡ 90 በመቶ ይላል። ጎረቤቱ ጣቢያ ደግሞ 100ውንም ከፈተ። ላይ ታች ብሎ 50ውን አስቀጣ። የሱ 50 በመቶ ነው። በግምገማው ቀን የሚጨበጨብለት የትኛው ነው? የኔ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ መዝገብ ካልተከፈተላቸው 90ዎቹ ውስጥ ነው። «ጠፋ» ከተባለው ውስጥ።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፖሊስ መርምሮ መዝገብ ያደራጃል። ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። የሚፈርደው ዳኛ ነው። ታዲያ ሳጅኑ በዳኛው ብዕር ለምን ይለካል? በኔ ሥራ ልመስለው። አንድ ሰው መጥቶ «ከእንግዲህ የምትመዘኚው የጠረዝሽው መመረቂያ ጽሑፍ በሚያመጣው ውጤት ነው» ቢለኝ ምን አደርጋለሁ? ጥረዛዬን አላሻሽልም። ከመጠረዜ በፊት ገልጬ አነባለሁ። «ያንተ ሲ ነው የሚመስለው፣ ሌላ ቤት ሞክር» እላለሁ። ቤቴ በኤ ብቻ ይሞላል። የሰነፉ ተማሪ ወረቀት ሜዳ ላይ ይበተናል።

ለሳጅኑ ግን ልፍረድለት። በኋላ ሌላ ቀን ሻይ ላይ አገኘሁትና አወራን። «እትዬ፣ ልኬቱ ባይኖርስ?» አለኝ። ድሮ መዝገብ ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓመት ሲተኛ የሚጠይቅ አልነበረም አለ። አሁን ቢያንስ የሚጠይቅ አለ። ምስክር ጠርቶ የማያቀርብ፣ ተከሳሹን ሳያጣራ የሚልክ መርማሪ ይታወቃል። ያለ በቂ ማስረጃ ሰው ፍርድ ቤት ከማመላለስ ሳይከፍቱ መተው ይሻላል የሚል ክርክርም አለው። ለምስክር የሚደውለው በራሱ ካርድ ነው። ከተማው ካለበት ሁኔታ አንጻር የኔ ላፕቶፕ ከባዱ ጉዳይ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። የሚሠራው የሚቆጠርለትን ነው። ማናችንስ?

አንድ የሕግ ተማሪ ደንበኛ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር፤ ደግነቱ በፍላሽ ቅጂ ይዟል። ታሪኬን ሲሰማ «ይሄማ እንግሊዞች ላይ የደረሰው ነው» ብሎ ቁጭ አለ።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ግብ አወጣ። በ2007/08 «ለፍትሕ የቀረቡ ወንጀሎች» 1.25 ሚሊዮን እንዲደርሱ። ለፍትሕ ቀረበ የሚባለው ፍርድ ቤት የቀጣው ብቻ አልነበረም። ፖሊስ በማስጠንቀቂያ የለቀቀውም ይቆጠራል፣ እዚያው ቆሞ ቅጣት የተጻፈለትም ይቆጠራል፣ በሌላ ወንጀል ተይዞ «ያኛውንም እኔ ነኝ» ያለውም ይቆጠራል። ነፍሰ ገዳይ መያዝ አንድ ነጥብ። ከሱቅ ከረሜላ ያነሳ ልጅ መያዝም አንድ ነጥብ። እናንተ ፖሊስ ብትሆኑ የቱን ታሳድዳላችሁ? ግቡ ከቀነ ገደቡ ቀድሞ ተመታ። በነዚያ ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንጀል መዝገብ ውስጥ የገቡ ልጆች ቁጥር አሻቀበ። በ2008 ግቡ ወደ ከባድ ወንጀሎች ሲዞር የልጆቹ ቁጥር መልሶ ወረደ። ልጆቹ በአንድ ዓመት ጨዋ ሆነው አይመስለኝም። በ2010 የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ከማዕከል ለፖሊስ የሚወርዱትን የቀሩ ግቦች ሰረዙ።

ነገሩ እዚያም አላበቃም። በ2014 የፖሊስ ተቆጣጣሪዎች መዝገብ ሲፈትሹ፣ ሕዝቡ ለፖሊስ ከተናገረው ወንጀል 19 በመቶ ያህሉ በወንጀልነት ሳይመዘገብ መቅረቱን አገኙ። ይህን ሲነግረኝ ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። «ጠፍቶባቸው»። ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ለጣቢያው የሰጠሁትን ኮከብ ያወረደው ይሄኛው ነው።

በአምስተኛው ቀን ተደወለልኝ። «እትዬ፣ ደስ ይበልሽ፣ ሌባሽ ተይዟል።» ሱቄን ለጎረቤት ሰጥቼ በባጃጅ በረርኩ። አግዳሚው ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ኮንጎ ጫማው አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ተሸካሚ ነው አሉ። የሰው ሞባይል ይዞ ተገኝቷል። «ሁሉንም አምኗል፤ የአንቺንም ጭምር» አለኝ ሳጅኑ። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። አንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ተገኝቷል፣ የኔ ነው ብዬ መፈረም።

ቻርጀሩን አገላበጥኩት። የኔ ቻርጀር አንገቱ ላይ ተልጦ በቀይ ፕላስተር የጠቀለልኩት ነው። ይሄ አዲስ ነው፣ አንድም ጭረት የለው። ሳጅኑን አስፈቅጄ ልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ የኔን ቤት ታውቀዋለህ?»

«አዎ።»

«ምን ነበር የወሰድከው?»

ሳጅኑን ቀና ብሎ አየው። እኔን አየኝ። «ቴሌቪዥኑን» አለ።

ኮፒ ቤት ውስጥ ምን ቴሌቪዥን አለ? ሳጅኑ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ዝም አልኩ። አንድ ባጃጅ በር ላይ ጥሩንባ ነፋ፣ ሄደ። ከዚያ «ሳጅን፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ አልፈርምም» አልኩ። አልተቆጣም። «እሽ እትዬ» አለ። ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ማንም ልጁን ሲመታ አላየሁም። ተመትቷል አልልም። «ካመንክ ቶሎ ያልቅልሃል» ተብሎ ይሆናል፤ ይሄ ግምቴ ነው። የሞባይሉ ጉዳይ ሌላ ነው፣ እሱን ፍርድ ቤት ይየው። ግን እዩት እስቲ። ለሠንጠረዡ ይህ ልጅ ምን ዓይነት ሲሳይ ነው! አምኗል፣ ጠበቃ የለው፣ ዘመድ ቢኖረውም ገጠር ነው። የኔ ፊርማ ቢጨመርበት «ጠፋ» የተባለው ዕቃ እንደገና «ስርቆት» ይሆናል፤ ያውም የተፈታ፣ የተቀጣ ስርቆት። ምስክር የሌለው ስርቆት ሲሆን ጠፋ፣ ተጠርጣሪ ሲገኝ ተሰረቀ። የኔ ሌባ ደግሞ የኔን ፕሪንተር ታቅፎ የሆነ ቦታ ተኝቷል።

ተማሪዬ ይህን ሲሰማ የጃፓኑን ሰው አነሳልኝ። ጃፓን ክስ ከተመሠረተ በኋላ የሚፈረድበት ሰው ከ99 በመቶ በላይ ነው። ኢዋዎ ሃካማዳ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ1966 በነፍስ ግድያ ተይዞ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ሲጠየቅ ቆይቶ አመነ። ሞት ተፈረደበት። ነጻ ነህ የተባለው በ2024 ነው። ዕድሜው 88 ሆኖ ነበር።

ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ? እኛም ነበረን። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን የሌባ ሻይ፣ የሌባ ፈላጊ ማለት ነው፣ ነገር ታወራልን ነበር። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻዩን ይጠራል። ሌባ ሻዩ አንድ ልጅ አለው። ልጁ በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይምጋል፣ ይሰክራል። ወገቡን አስረው ይለቁታል፤ ጌታው የገመዱን ጫፍ ይዞ ይከተላል። ልጁ መንደሩን ያካልላል፣ ደጅ ለደጅ ይንከራተታል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ይክፈል። አለቀ። ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ፣ ተከፍቶ የከረመ መዝገብ የለ። የሌባ ሻይ የማስቀጣት ምጣኔ እንግዲህ መቶ በመቶ ነበር። አያቴ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። «ብቻ ልጁ ደጃዝማች ደጅ ወድቆ አያውቅም» ትላለች።

ወደ ነጥቡ። ለአቀባበል ከ5 4 ሰጥቻለሁ፤ ለዚያች ኮንስታብል ብቻዋን ቢሆን 5 ነው። ለግቢው 3። ለምርመራው 1፣ እሷም ሳጅኑ ፊርማዬን በግድ ስላልጠየቀኝ። ለሠንጠረዡ ምንም አልሰጥም። እኔን ቢጠይቁኝ ሌላ ነገር ይለኩ ነበር። ስንት ሰው አቤት ብሎ መጣ፣ ስንቱ የመዝገብ ቁጥር ይዞ ወጣ? ስንቱ ተደውሎለት «ይህን ሞከርን፣ አልተገኘም» ተባለ? እኔ «አልተገኘም» መባል አያናድደኝም። ዐቃቤ ሕግ ስንት መዝገብ «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ መለሰ? ከተቀጡት ውስጥ ስንቱ ከእምነት ቃል ሌላ ማስረጃ ነበረበት? ይህችን የመጨረሻዋን የሚሞላ ዓምድ ጠርዤ አላውቅም።

ለምትሄዱ ሰዎች ትንሽ ምክር። ዛሬውኑ የላፕቶፓችሁን ሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። እኔ አላደረግኩትም። ደረሰኝ አትጣሉ። በሩ ከተሰበረ ከመጽዳቱ በፊት ፎቶ አንሱ። ጣቢያ ስትደርሱ «ስርቆት» ተብሎ እንዲጻፍ ለምኑ፣ ካልሆነም ቆማችሁ ጠብቁ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 22 ፖሊስ አቤቱታው ቢያጠራጥረው እንኳ እንዲመረምር ያዝዛል። ይህን ግን ቀስ ብላችሁ፣ ፈገግ እያላችሁ ተናገሩት። ሰው ሕግ ሲጠቀስበት ይከፋዋል። የመዝገብ ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ። ዕቃ ለዩ ከተባላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ብቻ ለዩ። የሚቀርብላችሁ ቻርጀር ከእናንተው ቻርጀር ቢሻልም።

ጥምቀት አለፈ። ቲሸርቱን ሌሎች አተሙት። ከአንዲት ጓደኛዬ አሮጌ የመጠረዣ ማሽን ተውሼ ሥራ ጀመርኩ። ጥርሱ ሁለት ቦታ ይዘላል፣ በእጅ ማስተካከል ይፈልጋል።

ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ልጅ ሪፖርት ይዞ መጣ። ሦስት ኮፒ፣ ሰማያዊ ሽፋን። ስገልጠው ደረቅ ወንጀል፣ ስርቆት፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ። ገጹን በጣቴ ወረድኩበት። ምጣኔው ካለፈው ሩብ ዓመት ተሻሽሏል። ልጁ ማሽኑ ሲዘል እያየ ቆሞ ነበር።

«ያኛው ጥሩው ማሽን የት ሄደ?» አለኝ።

«ጠፋ» አልኩት።